የሮዳ ጄማቶር ግማሽ ዙር

ሮዳ ጄማቶር ሰው ትንቃለች ይባላል። ሐሜት ነው። የምትንቀው መቁጠር የማይችለውን ብቻ ነው። ችግሩ፣ በካፕሶሪዮት ከተማ በእሷ ሚዛን መቁጠር የሚችል ሰው ገና አለመወለዱ ነው።

ቄሱን ትንቃቸዋለች፤ «የመጨረሻውን መዝሙር እንዘምር» ብለው ሦስት ያዘምራሉ። ሞተረኛውን ትንቀዋለች፤ «ሁለት ደቂቃ ጠብቂኝ» ብሏት ሻዩን ጠጥቶ፣ ጎማውን አስነፍቶ፣ ከሰው ተሟግቶ ይመጣል። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ከባሕር ማዶ እየመጡ ሜዳው ላይ የሚሮጡትን ነጮች ነው። የጥጃ ዋጋ የሚያወጣ ሰዓት ክንዳቸው ላይ አስረው፣ ቀይ አቧራ ለብሰው፣ እያለከለኩ ይመጡና «ማማ፣ ስንተኛ ዙር ላይ ነኝ?» ይሏታል። ቀና እንኳ አትልም።

«ዘጠነኛ» ትላለች። «ፊትህ ግን አሥራ አምስተኛ ይላል።»

ካፕሶሪዮት የኬሪዮ ሸለቆ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ይወጣና ሜዳውን ይውጠዋል። ሯጮቹ ከጉሙ ውስጥ ሲመጡ መጀመሪያ እስትንፋሳቸው ይሰማል፤ ቀጥሎ እግራቸው፤ ፊታቸው የሚታየው በመጨረሻ ነው፣ ያውም ላንድ አፍታ፣ ከዚያ ጉሙ መልሶ ይወስዳቸዋል። ይህን በየማለዳው የሚያይ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ድንች ይልጣል? በካፕሶሪዮት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ድንች ይልጣል።

በሜዳው ዳር፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ የቆርቆሮ ጥላ ያለው ጠረጴዛ አለ። ሮዳ የወረዳው ውድድር በመጣ ቁጥር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተቀምጣ ዙር መዝግባለች። መሣሪያዋ እርሳስና ባለመስመር ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ረድፍ፤ ሯጩ ፊቷ ባለፈ ቁጥር በረድፉ ላይ አንድ ቁጥር፣ ያ ዙር የፈጀው ሰከንድ። የአምስት ሺህ ሜትር ሩጫ ሲሆን ግን ከመጀመሪያው ቁጥር ራስ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ምልክት ታደርጋለች። አምስት ሺህ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነውና የሚጀመረው ከሜዳው ማዶ ነው። ሯጮቹ መጀመሪያ ጠረጴዛዋ ፊት ሲደርሱ የሮጡት ግማሽ ዙር ብቻ ነው። ምልክቷ ይህን ነው የምትለው፦ «ይህ ሙሉ አይደለም፣ እንዳትታለል።»

ሮዳ ይህችን ምልክት ያለ ምክንያት አላመጣቻትም። በሃያ ዓመቷ ራሷ ሯጭ ነበረች፤ አምስት ሺህ። በብሔራዊ ቡድን መምረጫ ውድድር ላይ ከሰው ሁሉ ፊት እየመራች ሳለ የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። ያላትን ሁሉ አውጥታ በረረች። መስመሩን አልፋ እጇን ዘርግታ ቆመች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ያን ጊዜ ነው ከሻዩ ቀና ብሎ «አንድ ይቀራል! አንድ ይቀራል!» ብሎ የጮኸው። ግማሿን ዙር ከሙሉዎቹ ጋር ቆጥሮ ደወሉን አንድ ዙር ቀድሞ ደውሎት ነበር። ልጆቹ በግራም በቀኝም አለፏት። አሥራ አንደኛ ወጣች። ሰውዬው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ልጄ፣ ሩጫ ነው፣ ነገም አለ» አላት። ነገ አልነበረም። በወሩ ጉልበቷ ተበላሸ፣ ሌላ መምረጫም አልሮጠችም።

ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። ቆጠረች። እሷ በተቀመጠችባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በካፕሶሪዮት ሜዳ አንድም ልጅ የተሳሳተ ደወል ሰምታ አታውቅም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ከወረዳው አትሌቲክስ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ከመጪው ወቅት ጀምሮ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የጀማሪ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የመዝጋቢዎች ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም ይላል። የሚያልፉት ሰዎች ዝርዝር ከማሠልጠኛው መድረስ ያለበት ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ባለው ዓርብ ነው። ሮዳ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የእህት ልጅ ምስክር ወረቀቱን አምና ከሌላ ከተማ አውጥቶ እንደነበር አስታወሰች። ልጁ ደወል የሚደውለው ሰው ሲጎሽመው ነው። ደብዳቤውን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች።

ኮርሱ ሦስት ወር ነው። ተማሪዎቹ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ሃያ ሁለቱ እሷ ልትወልዳቸው የምትችል ልጆች። «ሴንጌ» ይሏታል፣ አክስት እንደማለት፤ አክብሮት ይሁን ፌዝ አይለይም። አጠገቧ የሚቀመጠው ላባን የሚባል ሯጭ ነው። ጠዋት ሃያ ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመጣና ጭንቅላቱን ቁልፎቹ ላይ ጥሎ ይተኛል። ስክሪኑ በግንባሩ በተጻፈ ፊደል ይሞላል። ከክፍሉ ሁሉ የላባን ምርጥ ጽሑፍ ያ ነው ትላለች ሮዳ። የእሷ ኮምፒዩተር የሰባት ቁጥር ቁልፍ የለውም፤ ሰባት ሲያስፈልጋት ቀዳዳውን በእርሳስ ጫፍ ትወጋዋለች።

መምህሩ ሙቲንዳ ይባላል። የማቻኮስ ሰው ነው፣ ቆላ የለመደ። ካፕሶሪዮት ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ አራቱንም ዓመት ሲበርደው ኖሯል። ሹል ጫማውን ቀዩ ጭቃ በየወሩ ይበላበታል። አንድ ቀን በኮሪደሩ ስልክ ሲያወራ «እዚህ አገር እግር ሞልቷል፤ ያጣሁት ጭንቅላት ነው» ሲል ሮዳ ሰምታዋለች። አልተቆጣችም። ልጆቹን በሚመለከት ከእሱ ጋር ትስማማለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩን «አንተ» ትለዋለች።

«ሉፕ ማለት ያንኑ ነገር ደጋግሞ መሥራት ነው» ብሎ ጀመረ ሙቲንዳ ባንዱ ቀን። «አንድ ዙር ትሄዳላችሁ፤ ትመለሳላችሁ፤ ደግማችሁ ትሄዳላችሁ፤ አላለቀም ካለ ትቀጥላላችሁ፣ አልቋል ካለ ትቆማላችሁ። ገባችሁ?»

ለካፕሶሪዮት ልጅ ዙር ሊያስረዳ! ሮዳ ከንፈሯን ገለበጠች።

«ይኼ ደግሞ አሬይ ይባላል» አለ ሰሌዳው ላይ የሳጥን ረድፍ እየሣለ። «አንድ ስም ያለው የሳጥን ረድፍ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ሙሉ ቁጥር ይገባል። ሙሉ ቁጥር ብቻ። ሩብ የለም፣ ግማሽ የለም። የመጀመሪያው ሳጥን ተራ ቁጥር ዜሮ ነው።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ላባን እንኳ ነቃ።

«ምዋሊሙ፣ ከአንድ ለምን አይጀምርም?» አለ፤ መምህር ማለቱ ነው።

«ከዜሮ ስለሚጀምር።»

«ሰው ቤት ሄጄ ዜሮኛ ልጅህ የታለ እላለሁ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። ሮዳ አልሳቀችም። «አንተ ሩጫ ስትጀምር ሰዓቱ ስንት ይላል?» አለችው ላባንን።

«ዜሮ።»

«ታዲያ ምን ያንጫጫሃል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ማሽኑን ወደደችው። የመነሻውን መስመር ታውቀዋለችና። ተኩሱ ሳይሰማ፣ ጣቶች መሬት ነክተው፣ ሃያ ልጆች እስትንፋሳቸውን የሚይዙበትን ያን ቅጽበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይታዋለች። ዜሮ እሱ ነው፤ ባዶ ሳይሆን ሁሉ ነገር የታጨቀበት። ይህን ያወቀ ማሽን ከቄሱ ይሻላል። ልጆቹ ግን ወሩን ሙሉ ሲደናበሩ ከረሙ። አሥራ ሦስት ሳጥን ባለው ረድፍ ላይ አሥራ አራተኛ ይፈልጋሉ፣ ማሽኑም ይሰድባቸዋል። «መስመሩን አልፋችሁ ወዴት ነው የምትሮጡት? ሸለቆው ውስጥ ልትገቡ ነው?» ትላቸዋለች ሮዳ።

ፈተናው አንድ ጥያቄ ነበር። ሙቲንዳ ለልጆቹ የአገራቸው ነገር ይሁንላቸው ብሎ ቁጥሮቹን ከአትሌቲክስ ጽሕፈት ቤት አስመጥቶ ነበር። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ በታች ያለው አሬይ የአንዲት ሯጭ የአምስት ሺህ ሜትር የዙር ሰዓት ነው። በጣም ፈጣኑን ዙር የሚያገኝ ፕሮግራም ጻፉ።» ከሥሩ አሥራ ሦስት ቁጥር፦ ሠላሳ ስድስት፣ ሰባ ስድስት፣ ሰባ ሰባት፣ ሰባ ሰባት፣ ሰባ ስምንት... እያለ ይሄድና ስድሳ ስድስት ላይ ይቆማል።

ሮዳ ወረቀቱን ስታይ፣ እናት ከደጅ የልጇን ሳል እንደምትለይ ለየችው። የራሷ ገጽ ነው። ባለፈው ሐምሌ በዝናብ ያሸነፈችው ልጅ ናት። የመጨረሻው ስድሳ ስድስት ሲጻፍ እርሳሷ ተሰብሮ ነበር። አሥራ ሦስት ቁጥር ውስጥ አንዲት ልጅ ከነትንፋሿ፣ ከነዝናቧ ቁጭ ብላለች! ግን ከሠላሳ ስድስቱ ራስ ላይ ግማሿ ጨረቃ የለችም። ማሽኑ የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው ሲገለብጥ ጥሏታል።

አፍንጫዋን ነፋች። ሥራው ቀላል ነበር። «ትንሹ» የምትል ሳጥን ሠራችና መጀመሪያ አንድ ሺህ ከተተችባት፤ ከአማቷ በቀር አንድ ዙር አንድ ሺህ ሰከንድ የሚፈጅበት ሰው የለምና። ከዚያ ፕሮግራሙ ከሳጥን አንድ ተነሥቶ እስከ ሳጥን አሥራ ሁለት እንዲዞር አዘዘች። ዜሮን ዘለለች፤ ዜሮ ሳጥን ውስጥ ያለው ዙር አይደለም። ስክሪኑ ላይ ስድሳ ስድስት ወጣ። ሰጥታ ወጣች።

ሰኞ ዕለት ውጤት ተለጠፈ። ሃያ ሁለት አለፉ፤ አንድ ወደቀ።

ሮዳ ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥላ ይዛ ክፍል ገባች። ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ ሙቲንዳ በሁለት እጁ የሻይ ብርጭቆ አቅፎ ይሞቃል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማማ ሮዳ፣ ደህና አደሩ» አለ። «ብዙም አልሳቱም። ሉፑን ከአንድ ጀምረውታል። አንዷን ወደ ዜሮ ይለውጧት፣ አሳልፍዎታለሁ። አንዲት ቁልፍ ናት።»

«መልሱ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«ሠላሳ ስድስት ሰከንድ! አንድ ዙር?»

«ማማ፣ ከቁጥሮቹ ትንሹ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«በቃ።»

«በቃ አይባልም! ጥያቄው ፈጣኑን ዙር ይላል። ትንሹን ቁጥር አይልም። አንተ ነህ የጻፍከው። ሠላሳ ስድስት ሰከንድ ውስጥ ይህን ሜዳ የሚዞር ሰው እግዚአብሔር አልፈጠረም። ሞተረኛውም አይዞረው፣ ጎማውን ቢያስነፋም!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አፈነ። ሙቲንዳ ፊቱ ጠቆረ።

«ልጆች» አለ፣ «ሠላሳ ስድስት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።»

ሃያ ሁለት እጅ ወጣ። ሮዳ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም እዚያች አቧራ ላይ ያደጉ፣ ከሜዳው ማዶ ተነሥተው የሮጡ፣ ዙር የሚለውን ቃል ከእናት ቀጥሎ የተማሩ። ላባንም እጁን አውጥቷል።

«አንተም?» አለችው። «አንተ አምስት ሺህ ሯጩ?»

«ሴንጌ» አለ ላባን ዓይኑን እያሸ፣ «ጥያቄው እኮ ስለ ሩጫ አይደለም። ስለ ኮምፒዩተር ነው።»

ሮዳ አፈጠጠችበት። ከሰው ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም።

«አዩ እንግዲህ» አለ ሙቲንዳ ለስለስ ብሎ። «ሃያ ሁለት ሰው ተሳስቶ እርስዎ ብቻ ልክ ሆኑ?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል» አለች ሮዳ። «ግማሽ ዙር ግን ሙሉ አያደርግም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ሜዳ ና።»

«ጠዋት ይበርዳል።»

«ጃኬት ልበስ።»

መጣ። ለምን እንደመጣ ራሱም አያውቅም፤ ምናልባት ስትሸነፍ ለማየት። ጉሙ ገና አልተነሣም። ልጃገረዶች የአምስት ሺህ ሙከራ ሊሮጡ ነው። ሮዳ መስመሩ ላይ አቆመችውና የሩጫ ሰዓት እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ፊሽካ ስትሰማ ተጫን። የመጀመሪያዋ ፊትህ ስታልፍ ድጋሚ ተጫን። ከባድ ነው፣ ግን ትችለዋለህ።»

ፊሽካው ከጉሙ ማዶ ተነፋ። ተጫነ። ጥቂት ቆይቶ እስትንፋስ ተሰማ፣ እግር ተሰማ፣ ሰባት ልጃገረዶች ከነጩ ጉም ውስጥ ብቅ ብለው ፊቱን አልፈው ጠፉ። ሙቲንዳ አፉን ከፍቶ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሜዳ የሦስት ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ተኝቶ ይህን አላየም ነበር።

«ተጫን እንጂ!»

ዘግይቶ ተጫነ። ሰዓቱን አየ። ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

«ዙሩን... ጨረሱት?»

«ፊሽካው ከየት ተነፋ?»

ሙቲንዳ ወደ ማዶ አየ፣ ወደ እግሩ አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከጽሕፈት ቤቱ የተላከለትን የደብተሯን ፎቶ ከፈተ፤ በጣቱ አስፍቶ ሠላሳ ስድስቱ ላይ አቆመው።

«ይቺ ነገር እንግዲህ...»

«ምልክት ናት። ግማሽ ማለት ናት።»

«የዝንብ ኩስ መስሎኝ ነበር።»

ሮዳ በሕይወቷ ብዙ ተንቃለች፣ ግን በዝንብ ገና መጀመሪያዋ ነው።

ልጃገረዶቹ እስኪጨርሱ ሁለቱም ቆመው አዩ። ከዚያ ሙቲንዳ አንገቱን ጃኬቱ ውስጥ ቀብሮ ተናገረ። «ልክ ነዎት። ግን ይስሙኝ። የማረሚያ ወረቀቱን ካስተካከልኩ ሃያ ሁለቱ ይወድቃሉ። ከግማሽ በላይ ከወደቀ ደግሞ ሕጉ ፈተናው ይሰረዝ ነው የሚለው። ሁሉም ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይፈተናል፣ እርስዎም ጭምር። ዓርብ የሚላክ ዝርዝር አይኖርም። ወንበርዎን ለዚህ ወቅት ያጣሉ። ዜሮ ከጻፉ ግን ዛሬውኑ ስምዎን አስገባለሁ፣ ቅዳሜ ጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጣሉ።» ትንሽ ቆየና «በእግዚአብሔር፣ ማማ ሮዳ። አንዲት ቁልፍ ናት» አለ።

«እስከ ሐሙስ» አለችው።

ሁለት ቀን አሰበች። ድንች እየላጠች አሰበች፣ ላም እያለበች አሰበች። ዜሮ ብትጽፍ ማን ይጎዳል? ማንም። እንዲያውም ባትጽፍ ነው የሚጎዳው። የኃላፊው የእህት ልጅ ደወሉን ይይዛል፤ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ያላትን ሁሉ አውጥታ በርራ፣ እጇን ዘርግታ ትቆማለች፤ እሱም «ነገም አለ» ይላታል። ለዚያች ልጅ ሲባል አንድ ዜሮ ምን አላት?

ግን ደግሞ ሃያ ሁለቱ ነበሩ። ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው በየወረዳው ይበተናሉ። በየሜዳው ዳር ሃያ ሁለት ጠረጴዛ፤ በየጠረጴዛው ሠላሳ ስድስት ሰከንድ ዙር ነው ብሎ የተመሰከረለት ደደብ። አንዱን ሞኝ ለአንድ ወቅት ብትታገሠው ያልፋል። ሃያ ሁለቱን ግን ማን ሊቆጣጠራቸው ነው?

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀመጠች። ሙቲንዳ ከጀርባዋ ቆመ። ልጆቹ ወሬው ደርሷቸዋል፤ አንድም ቁልፍ አይንኳኳም። ፕሮግራሟን ከፈተች፣ «አንድ» የምትለዋ ቁጥር ላይ ደረሰች፣ ጣቷን ዜሮ ላይ አሳረፈች። ከመጫን ሌላ የቀራት አልነበረም። ወንበሯ፣ ጥላው፣ እርሳሱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁሉም ከጣቷ ሥር ነበሩ።

ላባን ጎንበስ ብሎ «ተጫኚው፣ ሴንጌ፣ እባክሽ» አላት በሹክሹክታ። «እኔ ሁለተኛ መፈተን አልችልም። ምኑም አልገባኝም እኮ።»

ጣቷን አነሣች።

«ይውደቁ» አለች።

«ማማ...»

«ይውደቁ አልኩህ! እኔም አብሬ ልውደቅ። አንተም ጥያቄህን በትክክል መጻፍ ተማር።»

ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። አንዷ ልጅ አለቀሰች፤ አንዱ ሮዳ ስታልፍ እግሩን አልሰበሰበም። ሙቲንዳ ሰሌዳውን እያየ ቆይቶ የማረሚያ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና በእስክሪብቶ ሠላሳ ስድስትን ሰርዞ ስድሳ ስድስት ጻፈ። ፈሪ ነው ብላ ታስብ ነበር። በዚህ አንድ ነገር ተሳስታለች፣ ግን አልነገረችውም።

ስድስቱ ሳምንት ረጅም ነበር። «ሴንጌ» የሚላት ጠፋ። ላባን ወንበሩን ከእሷ በአንድ ክንድ አርቆ መተኛት ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮዳ ሜዳ ትሄዳለች፤ ከገመዱ ውጪ፣ ከበቆሎ ሻጮቹ ጋር ቆማ፣ ደብተሯን ክንዷ ላይ ዘርግታ ትመዘግባለች። ያበደች ነው የመሰላቸው። የኃላፊው የእህት ልጅ በዚያ ወቅት ደወሉን አራት ጊዜ ተሳሳተ። ሁለቱን ጊዜ ሰዎች ጎሽመው አረሙት። ሁለቱን ማንም አላረመም፤ በተሳሳተው ደወል የተታለሉትን የሁለቱን ልጃገረዶች ስም ሮዳ ጽፋ ይዛለች። ሁለቱም ስሞች የእሷ ዕዳ ናቸው፣ ይህንንም ታውቃለች። አንድ ዜሮ ብትጫን ኖሮ እነዚያ ልጆች አያለቅሱም ነበር። ይህ ሐሳብ ቁጥር አላሳሳታትም፤ እንቅልፍ ግን ብዙ ቀን አጥታለች።

የድጋሚው ፈተና ቀን ደረሰ። ቁጥሮቹ ሌሎች ናቸው። ከጥያቄው ሥር ሙቲንዳ በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ጨምሯል፦ «የመጀመሪያው ቁጥር የግማሽ ዙር ሰዓት ነው።»

ሮዳ አንብባ ከንፈሯን ገለበጠች። መልሱን ጽፎበት ምን ጥያቄ ይባላል! ይህንማ ቄሱም ይሠሩታል። በአምስት ደቂቃ ጨርሳ ተነሣች።

አጠገቧ ላባን ነቅቷል። ለእሱ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በሁለት ጣት እየለቀመ ጽፎ ሲያበቃ ፕሮግራሙን አስጀመረ። ስክሪኑ ላይ «ፈጣኑ ዙር 34» የሚል ወጣ። ላባን ቁጥሩን አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሜዳው ማዶ ዞሮ አየ፤ ተመልሶ ስክሪኑን አየ። ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል፣ ከሆዱ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለ ሙቲንዳ።

«ምንም፣ ምዋሊሙ። የዓለም ሪከርድ ሰብሬ ነው።»

ሁለት ሦስት ልጆች የየራሳቸውን ስክሪን አይተው መሳቅ ጀመሩ፤ ከዚያ ሌሎቹ፤ ከዚያ ሙቲንዳ ራሱ። ወዲህም ወዲያም ዜሮዎች እየተሰረዙ በአንድ እየተተኩ ነው። የሃያ ሦስት ሰው ዝርዝር በዚያው ሳምንት ለመጪው ወቅት ተላከ፤ ሮዳ ጄማቶርም በላዩ አለች።

በዚያ ቀን ግን ሮዳ አልሳቀችም። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በሳቅ የሚፈነዳውን ክፍል ከበሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

«በስድስት ሳምንት!» አለች። «ሰዎቹ ሯጭ ነን ይላሉ።»